የጄኔሬተሩ አንቀጽ

በውሃ አገልግሎቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከበር ጠባቂው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «ቢበላሽስ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ሲሆን «ወይዘሮ» ይታከልበታል። ስሙ የወጣላት ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ የጉድጓድ ፓምፕ ለመግዛት በተጠራ ስብሰባ ላይ ነው። የአቅራቢው ሰው ስለ ፓምፑ ብርታት ሲያወራ ቆይቶ ሲጨርስ እሷ እጇን አወጣችና «ቢበላሽስ?» አለች። አይበላሽም አላት። መልሱን በማስታወሻዋ ጻፈች፤ ቀና ብላም ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። በዚያ ከሰዓት ሰባት ጊዜ ጠየቀች የሚሉ አሉ፤ ስምንት ነው ብለው የሚከራከሩም አሉ። ፓምፑ በሁለተኛው ዓመት ተቃጠለ፤ አቅራቢውም በውሉ ተገዶ በሦስት ቀን ውስጥ መጥቶ ቀየረው። ይህን የሚያስታውስ የለም። የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

የውል ክፍል ኃላፊ ነበረች። ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው ራስ በስተግራ ነው፤ ሦስት የብረት ቁም ሣጥኖች፣ መሳቢያው በጉልበት ካልተሳበ የማይከፈት ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ። ሕግ ተምራለች፤ ነገር ግን ጥቅሟ ከትምህርቷ ይልቅ በእግሯ ነበር። አንድ ውል ከመጻፏ በፊት ዕቃው የሚተከልበት ቦታ ድረስ ሄዳ ታያለች። ማን እንደሚያስነሳው፣ ማን እንደሚያጠፋው፣ ያ ሰው ቢታመም ማን እንደሚተካው፣ ዕቃው ሲቆም ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ሠራተኛውን እያቆመች ትጠይቃለች። ለዚህ ብቻ የምታደርገው ሶሉ የተበላ ጥቁር ጫማ ከጠረጴዛዋ ሥር ተቀምጦ ይኖራል። ጫማው ከቦታው ከታጣ፣ ቢበላሽስ አንድ ጭቃ ውስጥ ቆማ ሰው እያስጨነቀች ነው ማለት ነው።

ሰው ግን በትክክለኛ ሥራው እየተሳቀበት ብዙ ዓመት አይዘልቅም። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በመጣ በስድስተኛው ወር፣ የክፍል ኃላፊዎች ሁሉ በተቀመጡበት፣ «ወይዘሮ ቢበላሽስ ካልፈቀዱ እኮ ውሃም ቁልቁል አይፈስም» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷም አብራ ሳቀች። ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። ያደረገው ነገር ልክ መሆኑን እያወቀ በራሱ ላይ አብሮ የሚስቅ ሰው፣ ሳቁ ሲያበቃ የነገሩን ግማሽ አሳልፎ ሰጥቷል።

ከዚያ ወዲያ ፈጣን ሆነች። ወደ ከተማው ቧንቧ በሚገባው ውሃ ላይ ክሎሪን የሚጨመረው በእጅ በሚዘወሩ ሁለት አሮጌ ፓምፖች ነበር፤ በእነሱ ፋንታ መጠኑን ራሱ እየለካ የሚጨምር፣ በኮምፒውተር የሚመራ መሣሪያ እንዲገዛ ተወሰነ። የውሉ ረቂቅ ሲታዘዝ ጫማዋን አልቀየረችም። የድሮውን የጄኔሬተር ግዢ ውል ከኮምፒውተሯ አወጣች፤ «ጄኔሬተር» የሚለውን ቃል በ«ክሎሪን መጣኝ መሣሪያ» እንዲተካ አዘዘች። ኮምፒውተሩ አርባ አንድ ቦታ መተካቱን ነገራት። ዋጋውንና ቀኑን አስተካክላ በሁለት ቀን ውስጥ ውሉን አስረከበች። ሥራ አስኪያጁ የምስጋና ወረቀት አጻፈላት፤ በመስታወት ተደርጎ ከመካከለኛው ቁም ሣጥን በላይ ተሰቀለ። ከሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ የተሰጣት የመጀመሪያው ምስጋና፣ ሥራዋን ሳትሠራ የቀረችበት ቀን ምስጋና ነበር።

ከወራት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመጋዘን ኃላፊው ደረጃውን እየቆጠሩ ወደ ክፍሏ ወጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ማንኛውንም ዕቃ ሁለት ጊዜ ሳይቆጥሩ ስለማይቀበሉ ሠራተኛው «ጋሼ ሁለቴ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም በስሙ አይከፉም፤ አንዴ ብቻ የሚቆጥር ሰው ቢኖር ይምጣና ይተካኝ ይላሉ። ለጡረታ ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ማስጠንቀቂያ እንኳ አልገባባቸውም። «ፋይሌ ነጭ ነው» የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አትጠፋም።

ከአቅራቢው የተላከ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጉ። አዲሱ መሣሪያ ባለፈው ዓርብ መጋዘን ስለገባና የገቢ ደረሰኙ ስለተፈረመ፣ በውሉ አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት የአቅራቢው ሠራተኞች በዚህ ዓርብ መጥተው አሮጌዎቹን ፓምፖች ነቅለው ይወስዳሉ፤ የመውጫ ፈቃድ ይዘጋጅልን ይላል።

«እኅቴ» አሉ፣ «እኔ ማውጣቱን አልጠላም፤ ቦታ ይለቀቅልኛል። ግን አዲሱ ገና በሣጥኑ ነው። ታዲያ ቅዳሜ ክሎሪኑን ማን ሊጨምረው ነው፣ እኔ በማንኪያ?»

ውሉን አወጣች። አንቀጽ አሥራ አራትን ማንበብ አላስፈለጋትም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። የራሷ ድርሰት ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አዲስ ጄኔሬተር ያመጣ አንድ አቅራቢ አሮጌዎቹን አላነሳም ብሎ፣ በግቢው ውስጥ ዘይት እያንጠባጠቡ ሁለት ዓመት ቆሙ። ያኔ ነው «አዲሱ ንብረት መጋዘን ገብቶ ደረሰኙ በተፈረመ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ አቅራቢው አሮጌውን ነቅሎ ይወስዳል» የሚለውን የጻፈችው። ለጄኔሬተር እንከን አልነበረበትም። ኮርታበትም ነበር።

ከዚያ ወደ ኋላ ገልጣ አንቀጽ ስድስትን አየች። ንብረቱ በመጋዘን ኃላፊው ፊርማ ርክክቡ እንደተፈጸመ ይቆጠራል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ የገዢው ነው ይላል። ጄኔሬተር ሣጥኑ ሲከፈት የሚታይ ብረት ነው። ይህ ግን በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሽቦና መስታወት ብቻ ነው፤ የሚለካው፣ የሚያስበው፣ የሚሳሳተው ፕሮግራም ገና አልተጫነም፤ ማንም አላየውም። ስለ ሙከራ አንዲት ቃል የለም። የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንደሚሆን የሚል የለም። በአርባ አንዱም ቦታ ላይ ቃሉ እንጂ ሐሳቡ አልተተካም።

ደብዳቤውን እኔ ጋ ይተዉት አለቻቸው። ጋሼ ሁለቴ መነጽራቸውን አወለቁና ቀለል ብሏቸው ተነሡ፤ አንቺ ካየሽው እንግዲህ እኔ ምን አሳሰበኝ ብለው ወጡ።

መቀመጥ አልቻለችም። ጥቁሩን ጫማ ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ አወጣችው፤ አቧራ ለብሶ ነበር። የማጣሪያው ጣቢያ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ እሷ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ደረሰች። የክሎሪኑ ክፍል ጠባብ ነው፤ የጋዝ ጭንብል በምስማር ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ ፓምፖች ከግድግዳው ጋር ተያይዘው ቆመዋል፤ መዘውራቸው እጅ እንዳይልጥ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ፓምፖቹን የምትዘውረው ሠራተኛ በመስታወት ብልቃጥ የቀዳችውን ውሃ ወደ ብርሃን አንሥታ ቀለሙን እያየች ነበር። ሳትዞር «ደኅና አደሩ እትዬ» አለቻት።

ቢበላሽስ ያን ሁሉ ጥያቄ ጀመረች። ኃይል ቢጠፋ አዲሱ መሣሪያ ምን ያደርጋል? መጠኑን የሚያዝዘው ማን ነው? የተጣራው ውሃ ታንከር ያለ አዲስ ክሎሪን ስንት ሰዓት ያደርሳል?

ሠራተኛዋ ብልቃጡን አስቀመጠች። «አሁን ነው የሚጠይቁኝ? ድሮ እኮ የሚመጡት ሳይፈረም ነበር። ዘንድሮ ምነው ቀሩ ብዬ ሰው ብጠይቅ፣ ተሸልመዋል አሉኝ።»

ሠራተኛዋ መልስ አልጠበቀችም። የምታውቀውን ነገረቻት። ሊያሠለጥናት የመጣው የአቅራቢው ቴክኒሺያን መጠኑ የሚታዘዘው ከእነሱ ቢሮ በኢንተርኔት ነው፣ የይለፍ ቃሉም እነሱ ጋ ይቀመጣል ብሏታል። መስመሩ ቢቋረጥ መሣሪያው በመጨረሻው ቁጥር ይቀጥላል። ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ ግን ምን እንደሚያደርግ ስትጠይቀው ሳቀና ርእስ ቀየረ። ታንከሩ ከግማሽ ቀን በላይ አያደርስም። ከዚያ በኋላ ወደ ቧንቧው የሚገባው፣ ከወንዙ የመጣው ውሃ ራሱ ነው።

በዚያ ሳምንት የሆነው ሁሉ የሚዞረው በዚህች አንዲት ነገር ላይ ነው፤ አዲሱ መሣሪያ ተሞክሮ ሳይታይ ሁለቱ ፓምፖች ከግድግዳው ይነቀሉ ወይስ አይነቀሉ። ሦስት ቀን ቀርቷል።

ቤት ስትገባ ባሏ ገና ሱቁን አልዘጋም። ከቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ሬዲዮና ካውያ ይጠግናል። ራት ቀረበ፤ እሷ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተነሣች፤ መስኮቱን ዘጋች፣ ከፈተች፣ የታጠፈ ልብስ ፈትታ እንደገና አጠፈች። ባሏ ካውያውን እየፈታ ነገሩን ሁሉ አስወራት። ነገር የሚያቃልል ሰው ነው፤ የሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ግማሹ በዚህ ጠባዩ ቆሟል፣ ግማሹ በዚሁ ተጎድቷል።

«የፓምፑ ክፍል ቁልፍ ይጥፋ» አላት። «ቁልፍ አይጠፋም እንዴ? የኔ ሱቅ ቁልፍ እንኳ በወር ሁለቴ ይጠፋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይገኛል። አንቺ ደግሞ ሲገኝም ‹እንደገና ቢጠፋስ?› ትያለሽ።»

እንዲህ ያለ መላ በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ነገር አቁሟል፤ ብዙ ነገርም አበስብሷል። ቁልፍ የጠፋበት በር በሳምንቱ ይሰበራል፤ ውሉ ግን በቦታው አለ። ቢበላሽስ ይህን ታውቃለች። ያም ሆኖ ቁልፉ የት የት ሊጠፋ እንደሚችል ለጥቂት ደቂቃ ማሰቧ አልቀረም።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ትሑት ሰው ነው፤ ሲያዳምጥ እስክሪብቶውን አያንቀሳቅስም። ሁሉንም ነገረችው፤ አንቀጾቹ ከየት እንደተገለበጡም ሳይቀር። ከመደርደሪያው የመሥሪያ ቤቱን የንብረት መመሪያ አወረደ። ገጽ ፈልጎ አገኘ። የቴክኒክ ዕቃ ሲገባ የቴክኒክ ኮሚቴ አብሮ እንዲቆም መመሪያው ያዛል። ኮሚቴው ላለፉት አራት ዓመታት ተጠርቶ አያውቅም፤ መመሪያው ግን አልተሻረም።

«የመጋዘን ኃላፊው ያለ ኮሚቴ ነው የፈረሙት» አለ። «ስለዚህ ፊርማው ሥልጣን በሌለው ሰው የተፈረመ ነው። ፊርማው ከወደቀ ርክክብ የለም፤ ርክክብ ከሌለ አንቀጽ አሥራ አራት አይነሣም። ፓምፖቹ ይቆማሉ፤ ውሉን በኋላ በቀስታ እናስተካክላለን። ማንም አይጎዳም።»

«ጋሼ ሁለቴስ?»

«ማስጠንቀቂያ ቢጤ ይገባባቸዋል። ሰባት ወር ነው የቀራቸው እኮ፤ ማን ሊያየው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎንም ከዚህ ነገር ማውጣት አለብን። የእርስዎ ስም ከተነሣ ያመሰገንኩት እኔም አለሁበት። ደብዳቤውን እርስዎ ያርቅቁልኝ፤ ከእርስዎ የተሻለ የሚጽፍ የለም።»

መላው ብልኅ ነበር፤ በሕግም ያስኬዳል። ውሃውን ያድናል። የሚያስከፍለው የአንድ ሽማግሌ ነጭ ፋይል ብቻ ነው። ክፉ ሥራ ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀርበው፤ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፣ ተጎጂው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የለም።

ደብዳቤውን ጻፈችው። ይህ መነገር ይገባዋል፤ ኋላ ያደረገችው ነገር ይህን አይሰርዘውም። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ በሦስት አንቀጽ፣ ያለ አንዲት ስሕተት ጻፈችው። «የመጋዘን ኃላፊው ከተሰጣቸው ሥልጣን ውጭ» የሚለውን ሐረግ ሁለት ጊዜ አሻሻለችው፤ መጀመሪያ የጻፈችው ለዘብ ያለ መስሏት ነበር። በሁለት ቅጂ አተመች። የጎደለው የሣጥኖቹ ቁጥርና የደረሰኙ ቁጥር ብቻ ነበር። ስልክ ደውላ መጠየቅ ትችላለች። እጇ ግን ስልኩን ትቶ ጫማውን አነሣ።

መጋዘኑ ውስጥ ሣጥኖቹ በእንጨት መደብ ላይ ተደርድረዋል፤ ዘጠኝ ናቸው። ጋሼ ሁለቴ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ቆጠሩላት። ደረሰኙን ስትጠይቃቸው ጥራዙን አውጥተው ገለጡ፤ አንደኛው ቅጂ ለአቅራቢው ሄዷል፣ ሁለተኛው ከካርቦኑ ሥር እዚያው አለ። ከፊርማቸው በታች፣ ለማንም በማይፈለግ ጠባብ ቦታ፣ በዚያ በተንጋደደ እጅ ጽሑፋቸው አንድ መስመር ጨምረው ነበር። «ሣጥን ተቆጥሯል። ሲሠራ አላየሁም።»

«ይኼን ለምን ጻፉት?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ጥፋት የተገኘባቸው መሰላቸውና መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አይጻፍም እንዴ? እኔማ አንቺ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ‹ሲሠራ አይተውታል?› ስትዪኝ አይደለም የኖርሽው?»

ሃያ ሁለት ነው ልትላቸው ነበር። አላለችም። ዘጠኙን ሣጥኖች ራሷ ቆጠረች፤ ከዚያም እንደገና ቆጠረች። ጋሼ ሁለቴ ደስ ብሏቸው ያይዋት ነበር። በእጇ የያዘችው ደብዳቤ ስለ እሳቸው እንደሆነ አያውቁም። የገቢ ደረሰኙን ቁጥር በመዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችና ወጣች። ደረጃው መካከል ስትደርስ ሁለቱን ቅጂዎች ከላይ እስከ ታች ቀደደቻቸው። ቁራጮቹን የምትጥልበት ቅርጫት ስላጣች እስከ ማታ በኮት ኪሷ ይዛቸው ዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ሌላ ወረቀት ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። አጭር ነበር። አንቀጽ ስድስትና አሥራ አራት ከጄኔሬተር ውል ላይ በእኔ ተገልብጠዋል፤ ለዚህ መሣሪያ አይስማሙም፤ የመጋዘን ኃላፊው ውሉ ያዘዛቸውን ፈጽመዋል፣ ውሉ ያላዘዛቸውንም ጥንቃቄ ጨምረዋል ይላል። ሥራ አስኪያጁ አነበበና የትናንቱ ደብዳቤ የት ደረሰ ብሎ ጠየቃት። ቀደድኩት አለችው። ሌላ ሰው ማጻፍ እችላለሁ አላት። ይችላሉ አለችው፤ ነገር ግን ይህ ወረቀት በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሁለቱ ፊትና ኋላ ሆነው አብረው ይነበባሉ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ለመጀመሪያ ጊዜ አንቀሳቀሰ። የአቅራቢው ወኪል ለስምንት ሰዓት ይጠራ አለ።

ወኪሉ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ፣ ከሁሉ ጋር የሚቀልድ ሰው ነው። የሽማግሌው መስመር ያለበትን ደረሰኝ ስታሳየው የራሱን ቅጂ አወጣና ሳቀ። የመጋዘን ሰው ማስታወሻ ውል አይሽርም፤ ውላችሁ ፊርማ እንጂ ሙከራ አይልም አለ። እውነቱን ነው። ከዚያም ወደ እሷ ዞረ።

«ስለ እርስዎ ብዙ ተነግሮኝ ነበር። ውሉን ሳነበው ግን ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ።»

«አይተውት ነበር?»

«እንዴት አላይም? በአምስት ቀን ውስጥ አሮጌውን ንቀል የሚል ገዢ አይቼ አላውቅም። የእናንተ አንቀጽ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ አልኩ።»

ይህን ሲናገር አላፈረም፤ ማፈር ግን ነበረበት። ሌላው ሲሳሳት አይቶ ዝም ማለት በንግድ ቤት ብልኅነት ይባላል። የሚጠጣው ውሃ ግን የዚህችው ከተማ ነው፤ ልጆቹም የሚጠጡት።

የውል ማሻሻያ እንዲፈረም ጠየቀችው። ወኪሉ አሰበ። አሮጌዎቹ ፓምፖች ለእሱ የብረት ቁርጥራጭ ናቸው፤ ነቅሎ መውሰዱም ያደክመዋል። ግን ያለ አንዳች ነገር እሺ ማለት ልማዱ አይደለም። ስሕተቱ የገዢው መሆኑ፣ ያጠፋውም ክፍል በቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፎ ይፈረምልኝ፤ ነገ አለቆቼ ለምን ዘገየህ ቢሉኝ የማሳየው ይኑረኝ አለ። ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ቢበላሽስ ቃለ ጉባኤውን ወደ ራሷ ሳበችና ክፍሉን ሳይሆን የራሷን ሙሉ ስም ጻፈች። በዚያ መሥሪያ ቤት ስሟ ተሟልቶ የተጻፈበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ፈርማ ስታበቃ ቀና አለችና «ቢበላሽስ?» አለች።

ወኪሉ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ቀልድ አልነበረም። መስመሩ ከቢሮአችሁ ሲቋረጥ ማን ያዝዘዋል? በክፍሉ ያለችው ሠራተኛ ታዝዘዋለች፤ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ በመጋዘኑ ካዝና ይቀመጣል ተብሎ ተጻፈ። ከሩቅ ሆናችሁ ፕሮግራሙን ብትቀይሩትስ? ለሠራተኛዋ አስቀድሞ ሳይነገር አይቀየርም ተባለ። ድርጅታችሁ ቢዘጋስ? የፕሮግራሙ ሙሉ ቅጂ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጣል። በአምስተኛው ጥያቄ ላይ ወኪሉ ኮቱን አወለቀ። ስድስተኛው የሠራተኛዋ ጥያቄ ነበር፤ ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ መሣሪያው በምን መጠን ይጀምራል? ወኪሉ ቴክኒሺያኑ ዘንድ ደወለ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነበርና መልሱን ሁሉም ሰማው። እኔም ሞክሬው አላውቅም አለ ቴክኒሺያኑ፤ ከፋብሪካው መጠየቅ አለበት።

ከዚያ ቢበላሽስ የመጨረሻውን መስመር ጻፈች። «ይህ እስኪታወቅና አዲሱ መሣሪያ ከአሮጌው ጎን ለዘጠና ቀን ሠርቶ እስኪታይ ድረስ ፓምፖቹ ከቦታቸው አይነሡም።» ወኪሉ ፈረመ። ሰባተኛ ጥያቄ አልነበራትም፤ ወረቀቱ ሞልቶ ነበር።

ዓርብ ዕለት ፓምፕ ሊነቅል የመጣ ሰው የለም።

የሆነው ሁሉ ይኸው ነው፤ ከዚህ ብዙ ማውጣት አይገባም። የራሷን ጥፋት ራሷ ተሸከመች፤ ይህ ከማንም የሚጠበቅ ነው፣ ብዙ ሰው ስለማያደርገው ብቻ ትልቅ መስሎ ይታያል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ደረሳት። የምስጋናው ወረቀት በትእዛዝ ወረደ፤ በቁም ሣጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ነጣ ያለ ምልክት ቀረ። የውል ክፍሉ በቅርቡ ለተመረቀ ጠበቃ ተሰጠ፤ እሷ ወደ ምድር ቤቱ መዝገብ ቤት ወረደች። ጋሼ ሁለቴ በጊዜያቸው ጡረታ ወጡ። ምን ሊደርስባቸው እንደነበር የነገራቸው የለም፤ በስንብታቸው ቀን ፋይላቸውን አስፈቅደው አይተው፣ ገጾቹን ሁለት ጊዜ ቆጥረው መለሱ።

አዲሱ መሣሪያም አልተበላሸም። ዘጠናውን ቀን ከአሮጌዎቹ ጎን ሠራ፤ ከፋብሪካው የመጣው መልስም ኃይል ሲመለስ የቀድሞውን መጠን አስታውሶ እንደሚጀምር አረጋገጠ፤ ሠራተኛዋም ራሷ ሦስት ጊዜ አጥፍታ አስነሥታ አየችው። በዘጠና አንደኛው ቀን ፓምፖቹ ተነቅለው ወጡ። በአገናኝ መንገዱ ሲያገኟት የሚቀልዱባት አሁንም አሉ። «እና፣ ተበላሸ?» ይሏታል። አልተበላሸም ትላለች። ያ ሁሉ ግርግር ታዲያ ለምን ነበር ብለው ያልፏታል። እንደ እነሱ አስተሳሰብ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጎዳና ተሻግሮ ያልተገጨ ሰው አሻጋገሩ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ይህ ሳቅ ግን አሁን አይነካትም፤ ጊዜ የላትም። መዝገብ ቤቱ መስኮት የለውም፤ መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያ ናቸው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ በዓመት በዓመቱ ታስሮ ተደርድሯል። ወንበር ተሰጥቷታል፤ ስትቀመጥበት ያያት ግን የለም። በሦስተኛው ሳምንት ያቺን የምስጋና ዓመት ፈትታ አየች። ከክሎሪኑ ውል ሌላ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ፍጥነት፣ ከዚያው የጄኔሬተር ውል የተገለበጡ ሦስት ውሎች አሉ። የቆጣሪ ንባብ የሚሰበስበው መሣሪያ አለ። የጉድጓዶቹን ፓምፕ ከሩቅ የሚያስነሣው አለ። የግድቡን ከፍታ ለክቶ የሚያስጠነቅቀው አለ። ሦስቱም ተፈርመዋል፤ ሦስቱም እየሠሩ ነው፤ ማንም አላማረረም።

ለአዲሱ የውል ክፍል ኃላፊ ነገረችው። ወጣቱ ጠበቃ ጨዋ ነው፤ ካልተበላሸ ለምን እንነካካዋለን፣ ደግሞ አሁን ይህ የእርስዎ ሥራ አይደለም አላት። ልክ ነው፤ ሥራዋ አይደለም።

የግድቡን ውል ከጥራዙ አውጥታ በክንዷ ሥር አደረገች። ግድቡ ሩቅ ነው፤ አውቶቡሱ የሚያደርሰው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብላ ጥቁሩን ጫማ አወጣች፤ የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሶ ስለነበር በመዝገብ ማሰሪያ ክር ቋጠረችው፤ ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ቅርብ ቦታ ደርሼ እመጣለሁ ብላ ወጣች።